ለካ በተኗም መላክ ነበረባት

አንድ ድረገጽ ላይ በየጠዋቱ ሎግኢን አደርግና አንዲት የሪፖርት ፋይል አውርጄ እወጣለሁ። አካውንቱ የራሴ ነው፣ ኤፒአይ የሚባል ነገር (ፕሮግራም መረጃውን በቀጥታ የሚወስድበት መንገድ) የላቸውም፣ ሥራው ደግሞ ሁሌም ያው ነው። ታዲያ ይህን ለምን ፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋው) አይሠራልኝም ብዬ ተነሣሁ። የግማሽ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ሪኩዌስትስ በሚባለው ላይብረሪ (ለድረገጽ ጥያቄ የሚልክ ዝግጁ ኮድ ነው) ኢሜይሌንና ፓስወርዴን በፖስት፣ ማለትም ፎርም በሚላክበት መንገድ፣ ላክኩ። ድረገጹ 200 የሚል ስታተስ ኮድ (የመልስ ቁጥር) መለሰ። አበቃ፣ ገባሁ አልኩ። ያወረድኩትን ሪፖርት ስከፍተው ግን ውስጡ ያለው የሎግኢን ገጹ ራሱ ነው! ለካ 200 ማለት «ገጹን ሰጥቼሃለሁ» እንጂ «ገብተሃል» አይደለም። ብዙ ድረገጽ ፓስወርድ ስትሳሳትም ፎርሙን መልሶ የሚያሳይህ በ200 ነው።

ከዚያ መገመቱን ትቼ ብሮውዘሩ ምን እንደሚልክ ማየት ጀመርኩ። ኤፍ12 ተጫንኩ፣ ኔትወርክ የሚለውን ከፈትኩ፣ ገጽ ሲቀየር ዝርዝሩ እንዳይጠፋ የምታደርገዋን ሳጥን ምልክት አደረግኩባት (እሷን ከረሳህ ዋናው ሪኩዌስት፣ ማለትም ለድረገጹ የሚላከው ጥያቄ፣ ብልጭ ብሎ ይጠፋል)፣ ከዚያ በእጄ ገባሁ። እኔ የላክኩት ሁለት ነገር፣ ብሮውዘሩ የላከው ስድስት! ድረገጹ በድሮው የማይክሮሶፍት የድረገጽ መሥሪያ፣ በኤኤስፒ ዶት ኔት ዌብ ፎርምስ፣ የተሠራ ስለሆነ ፎርሙ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሦስት ፊልዶች (የመሙያ ቦታዎች) አሉ። ዋናዋ ቪውስቴት ትባላለች፣ ምኑም የማይነበብ የተደበላለቀ ረጅም ጽሑፍ ናት። እነዚህን ሳትልክ ስትቀር ሰርቨሩ ፎርም እንደተላከለት እንኳ ልብ አይልም፤ ገና እንደመጣ ሰው ቆጥሮህ ባዶውን ገጽ ይሰጥሃል። የኔ 200 ምስጢሩ ይኸው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ገጹን በጌት፣ ማለትም ገጽ በሚጠየቅበት መንገድ፣ አመጣሁ፣ ስውሮቹን ፊልዶች የገጽ ኮድ በሚያነበው ላይብረሪ፣ በቢዩቲፉል ሱፕ፣ ለቀምኩ፣ ከኢሜይሉና ከፓስወርዱ ጋር መልሼ ላክኩ። አሁንም የለም። የኔንና የብሮውዘሩን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ ካፈጠጥኩ በኋላ ስድስተኛዋን አየኋት፤ «ግባ» የምትለዋ በተን ናት። ብሮውዘር የተጫንካትን በተን ስሟንና ቫልዩዋን ከፎርሙ ጋር አብሮ ይልካል፣ ይሄ ሰርቨር ደግሞ ሎግኢኑን የሚጀምረው እሷን ሲያይ ነው። ማን ያስባታል? እሷን ስጨምር ዳሽቦርዱ፣ ከገቡ በኋላ የሚታየው ገጽ፣ መጣ።

ደስታዬ ግን ለአንድ ሪኩዌስት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሪፖርቱን ስጠይቅ አሁንም ሎግኢን። ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው። እያንዳንዱን ሪኩዌስት ለየብቻ ስለምልክ ኩኪው (መግባቴን ለሰርቨሩ የሚያሳውቀው ትንሽ መረጃ) አብሮ አይሄድም ነበር። ኩኪውን ይዞ የሚቆይ አንድ ሴሽን ፈጥሬ ከመጀመሪያው ጌት እስከ ሪፖርቱ ድረስ ሁሉንም በእሱ በኩል ሳደርገው ወረደልኝ።

መሀል ላይ የሠራሁትን ጅልነትም ልንገራችሁ። የፓስወርዱን አንድ ፊደል ስቼ፣ እስኪገባ ደጋግሞ እንዲሞክር ሉፕ ውስጥ ከተትኩት። አካውንቴ ተቆለፈ። አሁን ስክሪፕቱ አንዴ ብቻ ይሞክራል። መግባቱን የሚያረጋግጠውም በስታተስ ኮድ አይደለም፣ ገጹ ላይ «ውጣ» የሚል ሊንክ መኖሩን አይቶ ነው፤ ካጣው ቆሞ ኢሜይል ይልክልኛል። ፓስወርዱንም ከኮዱ አውጥቼ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ ኮምፒውተሩ የሚይዘው መረጃ) ውስጥ አስገባሁት።

ባለፈው ሳምንት ገጹን ነካክተውት የበተኗ ስም ተቀየረ። ጠዋት ኢሜይሉ ደረሰኝ፣ ኤፍ12 ከፍቼ አዲሱን ስም አየሁ፣ አንዲት መስመር ቀይሬ ቡናዬን ጨረስኩ።