አብሽሩ ብዬ ነበር

ዲኤ፣ ማለትም የቀበሌ ግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ወሎ ውስጥ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሼህ አስጠሩኝ። ፍየል ገመዷን በጥሳ አድራ፣ የጓሯቸውን ብርቱካን ልጥ ዙሪያውን ግጣዋለች። ስንዝር የሚያህል ግንድ አጥንት መስሎ ቀርቷል።

"ሞተችብኝ" አሉ።

የኮሌጁ ትምህርት ገና ትኩስ ነው። ጎንበስ ብዬ እንጨቱን በጥፍሬ ጫር አደረግሁት።

"አብሽሩ ሼህ፣ ውሃው የሚወጣው በልጡ አይደለም፤ በውስጠኛው እንጨት ነው። ዛይለም ይባላል። ከቅጠሉ ቀዳዳዎች ውሃ በተነነ ቁጥር የታችኛውን እየሳበ ያወጣዋል። እንጨቱ ደህና ነው፤ አትጠማም።"

ሼሁ ቅጠሉን አዩ። ግንዱን አዩ።

"ውሃውስ እሺ። እግሯ ምን ይበላል?"

ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። መልሱን አውቀው ነበር እኮ! ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ቅጠል ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሥር የመጣለትን ውሃ ይዞ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል። ስኳሩ ወደ ሥር የሚወርደው በፍሎየም ነው። ፍሎየም ያለው ደግሞ ልጡ ውስጥ ነው። ልጡ ያለው ፍየሏ ሆድ ውስጥ።

እኔ ግን "ሥርማ ከአፈሩ ይመገባል፤ ፍግ ጨመር ያድርጉላት" ብዬ አረፍኩት። ከአፈሩ የምታገኘው ውሃና ማዕድን መሆኑን፣ እሱ ብቻውን ቀለብ እንደማይሆን እያወቅሁ። የተማረ ሰው "ቆይ ላስብበት" ማለት ለምን እንደሚከብደው አይገባኝም።

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አሉና ቡና አስፈሉልኝ።

መጋቢት ላይ ብርቱካኗ አበባ በአበባ ሆነች። ጥቅምት ሲገባ ቅርንጫፎቿ ከፍሬው ብዛት መሬት ሊነኩ ደረሱ። እኔ በቀበሌው ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ማየት ነበር። አስተባባሪያችን እንግዶች ይዞ መጣ። ፎቶ ተነሳ። "የባለሙያ ክትትል ውጤት" ተብሎ ሪፖርት ላይ ሰፈረ፤ ባለሙያው እሱ እንዲመስል ተደርጎ። ልክ ከቁስሉ በላይ ግንዱ እንደ ክንድ ጡንቻ አብጦ ነበር። ያንን ፎቶ ያነሳው የለም።

እብጠቱን ማርቼሎ ማልፒጊ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በ17ኛው መቶ ዘመን አይቶ ጽፎታል። ስኳሩ መውረጃ አጥቶ እዚያው ላይ ታግዶ ነው። ፍሬ እንዲበዛላቸው ሆን ብለው ልጡን በቀጭኑ እንደ ቀለበት ዙሪያውን የሚልጡ አትክልተኞችም አሉ። የእነሱ ቶሎ ይድናል። ስንዝር ሙሉ የተጋጠ ግን የት ይገጥማል?

ሼሁ ዘንቢል ሙሉ ብርቱካን ሰጡኝ። ማር ነው። እየላጥኩ ሳለ፣ "ብላ ልጄ። የእግሯን ቀለብ ነው የምትበላው" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

በዓመቱ ግንቦት ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ክረምቱ ሳይገባ ረገፈ። ሥሯን ስንቆፍር እጃችን ላይ ተፈረፈረ። ሼሁ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ችግኝ ጣቢያ ያለ አንድ አዳቃይ፣ ያኔውኑ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ከቁስሉ በታችና በላይ ሰክቶ እንደ ድልድይ ማገናኘት ይቻል እንደነበር ነገረኝ። ፍሎየሙ በዚያ ይሻገራል። ሪፖርቱ እንዲስተካከል ለአስተባባሪያችን ብነግረው፣ "አንዴ ጸድቃለች ብለናል" አለኝ። በወረቀቱ ላይ እስከ ዛሬ ጸድቃለች።

በሌላው ዓመት ሼሁ ልጃቸውን ላኩብኝ። ፍየሏ ማንጎዋን ጀምራታለች።

"'ቶሎ ይምጣ፤ ግን ሳይናገር ይምጣ' ብለዋል" አለኝ ልጁ።