የእንቁላል ሌባው አገር

ከሞንጎሊያ ዋና ከተማ ከኡላንባታር ጎቢ በረሃ ውስጥ እስካለችው ዳላንዛድጋድ ከተማ ድረስ በአውሮፕላን ሄድን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ፣ መንገድ ካሉት ነው። ምልክት የለ፣ አጥር የለ፤ ሾፌራችን ደስ ባለው በኩል ይነዳል። አንዴ አሸዋ ዋጠንና ሁላችንም ወርደን ገፋን። ወገቤ እስካሁን ያመኛል።

ባያንዛግ የሚባለው ገደል የደረስነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ገደሉ እንደ ሸክላ ቀይ ነው፤ የማታዋ ፀሐይ ስታርፍበት ደግሞ ፍም ይመስላል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ተፈረፈረ። «ቅሪተ አካል ብታገኝ እንዳታነሳ፣ በሕግ ያስጠይቃል» አለችኝ አስጎብኚያችን። ኪሴን ገልብጬ አሳየኋት፤ ሳቀች።

እዚህ ድረስ ያመጣኝ ኦቪራፕተር የሚባል ዳይኖሰር ነው። ዳይኖሰር ሲባል ተራራ የሚያህል ነገር ለሚታየው ሰው ይሄኛው ያሳፍራል። ጅራቱ ተቆጥሮ እንኳ 2 ሜትር አይሞላም። ጥርስ የለውም፤ አፉ እንደ በቀቀን አጭር ምንቃር ነው። ዘመዶቹ ላባ ስለነበራቸው እሱም ሳይኖረው አይቀርም። ከ75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ብናገኘው «ይቺ ዶሮ ምን በልታ ነው?» ሳንል አንቀርም ነበር።

በፈረንጆቹ 1923 በሮይ ቻፕማን አንድሩስ የሚመራው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቡድን እዚሁ ገደል ላይ እንቁላሎች አገኘ። አካባቢው ፕሮቶሴራቶፕስ የሚባል የሌላ ዳይኖሰር አፅም ሞልቶበት ስለነበር እንቁላሎቹም የሱ ናቸው ተባለ። ከአንዱ ጎጆ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ደግሞ የዚህ ባለ ምንቃር አፅም ወጣ። እጅ ከፍንጅ! በ1924 የሙዚየሙ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን ኦቪራፕተር፣ ማለትም «የእንቁላል ሌባ» የሚል ስም አወጣለት። የሚገርመው፣ ያኔውኑ «ስሙ ሊያሳስት ይችላል» ብሎ ጽፏል። ታዲያ ለምን አወጣኸው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ያን ቀን መልአኩ ሌላ ሥራ ሳይኖረው አልቀረም።

በ1993 እዚሁ ጎቢ ውስጥ፣ ኡካ ቶልጎድ በሚባል ቦታ፣ ያንኑ የመሰለ እንቁላል ተገኘ። ውስጡ የጽንስ አጥንት ነበረ። የፕሮቶሴራቶፕስ ሳይሆን የኦቪራፕተር ወገን! ለካ «ሌባው» የተያዘው በገዛ ጎጆው ላይ ኖሯል። ከዚያም ሲቲፓቲ የተባለው ዘመዱ እግሩን አጥፎ፣ ክንድና ክንዱን ዘርግቶ እንቁላሎቹን እንደታቀፈ በአሸዋ ተቀብሮ ተገኘ። የታቀፈው አባትየው ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

የዚህን የታቀፈ አፅም ፎቶ ሳይ ትዝ ያለኝ የእናቴ ጓዳ ነው። ቅርጫት ውስጥ ጭድ ላይ የታቀፈች ዶሮ ነበረችን። እጄን ስሰድ ላባዋን ነፋ አድርጋ ጠቅ አደረገችኝ። አቀማመጧ ቁርጥ ይሄ ነው።

ስሙ ግን አይቀየርም። በሳይንስ ሕግ ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል። እኛ አገር ቢሆን ፍርድ ቤት ሄዶ ያስቀይር ነበር።

ማታ ጌር ውስጥ፣ ያ ክብ የሱፍ ድንኳናቸው ማለቴ ነው፣ ጨው ያለበት የወተት ሻይ ሰጡን። ቡና በጨው ጠጥቶ ያደገ ሰው አይደነግጥም። ታሪኩን ለሾፌሩ በአስጎብኚዋ በኩል ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ እንቁላሎቹን የወሰደው ማነው?» አለ። አሜሪካኖቹ፣ አልኩት።

ጠዋት ለቁርስ የተቀቀለ እንቁላል ቀረበ። ሾፌሩ የኔንም ጨምሮ በላው።