ሁለቱ ጣቶቼ

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ሕፃናትን ዋና ማስተማር በጀመርኩ በስድስተኛው ክረምት፣ «በጀርባው መንሳፈፍ ይችላል» ብዬ የፈረምኩለት የ8 ዓመት ልጅ ከእኔ 5 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ሊሰጥም ነበር። ልጁ ዛሬ ደኅና ነው። የእሱንም ሆነ የሆቴሉን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔ ስለነበረ የሌላው ስም መነሣቱ ፋይዳ አይኖረውም።

ለአዲስ አበባ ልጅ ዋና የክረምት ትምህርት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ ሐምሌና ነሐሴ ከውኃ ለሚወጣ ልጅ የሚመቹ ወራት አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያን ጊዜ ስለሆነ ወላጆች ዝናቡንም ጉንፋኑንም ችለው ልጆቻቸውን ያስመዘግባሉ። እኛም ለ8 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ፣ 8 ልጆችን በአንድ ቡድን አድርገን እናስተምራቸው ነበር። ትምህርቱ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከሚሠራበት ባለ 6 ደረጃ ሥርዓት ተቀናንሶ በ4 ደረጃ የተዘጋጀ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ ፊቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ አየር ማስወጣትን፣ ዓይኑን መግለጥንና የገንዳውን ጠርዝ ይዞ መውጣትን ይማራል። በሁለተኛው በሆዱና በጀርባው ለ10 ሰከንድ መንሳፈፍን፣ ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ መንሸራተትን ይለማመዳል። ሦስተኛው እግር መምታትና ነፃ ቀዘፋ ሲሆን፣ ልጁ እግሩ መሬት ወደማይነካበት ውኃ የሚሻገረውም በዚህ ደረጃ ነው። አራተኛውን እዚህ ማንሣት አያስፈልግም።

በወረቀት ላይ ሲታይ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ መለኪያ አለው። በተግባር ቡድኑን ወደፊት የሚያንቀሳቅሰው የቀን መቁጠሪያ ነበር። ክፍያው በደረጃ የሚታሰብ፣ የተከታዩ ቡድን ወላጆችም አስቀድመው የከፈሉ ስለነበሩ፣ በ5ኛው ሳምንት መጨረሻ ሁሉም ልጅ ሁለተኛውን ደረጃ እንዲጨርስ ይጠበቅብን ነበር። ወላጆች ደግሞ ደረጃን እንደ ትምህርት ቤት ክፍል ያዩታል፤ አንድ ልጅ ለአንድ ሳምንት እንኳ ወደኋላ ከቀረ «ልጄ ደገመ ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ጥያቄውም የሚነሣው ልጁ እየሰማ ነው። ከዚህ ጥያቄ ለመሸሽ ስል አንዳንድ ነገር አይቼ እንዳላየሁ አልፌ እንደነበር አሁን ሳስበው ይታወቀኛል።

ልጁ ቀጭን፣ ታዛዥና እግሩ ብርቱ ነበር። በሆዱ ሲንሳፈፍ እንከን አይወጣለትም። በጀርባው ሲሆን ግን ሆዱንና ጣቶቹን ለማየት የሚፈልግ ይመስል ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል። ሰው ሳንባው በአየር ሲሞላ ከውኃ በጥቂቱ ስለሚቀል ዝም ብሎ ቢተኛ ውኃው ይይዘዋል፤ ጭንቅላቱን ከውኃ በላይ ባነሣ መጠን ግን ወገቡና እግሩ ወደ ታች ይወርዳሉ። በቀጫጭን ልጆች ላይ ይህ ይብሳል፤ ብርድ ከተጨመረበትማ ሰውነታቸው ስለሚኮማተር ጨርሶ አልንሳፈፍ ይላሉ። ስለዚህ የሁለተኛው ደረጃ ፈተና በተደረገበት ዕለት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ተራው ሲደርስ፣ ጠቋሚና መሐል ጣቴን ከማጅራቱ ከፍ አድርጌ ከጭንቅላቱ ሥር አኖርኩለት። አልደገፍኩትም፤ ነካሁት ብቻ። ወዲያው ጆሮዎቹ ውኃ ውስጥ ገቡ፣ ሆዱ ከፍ አለ። ጮክ ብዬ እስከ 10 ቆጠርኩ። ፎጣ ይዛ ገንዳው ዳር የቆመችው እናቱ አጨበጨበች፤ እኔም በቅጹ ላይ ራይት አድርጌ ፈረምኩ። ጣቶቼ ምንም ክብደት አለመሸከማቸውን በሚገባ ስለማውቅ ያጭበረበርኩ አልመሰለኝም።

አደጋው የደረሰው በ6ኛው ሳምንት፣ ሦስተኛው ደረጃ በተጀመረበት ሐሙስ ጠዋት ነው። ልጆቹን ግድግዳው ላይ አሰልፌ እኔ 12 ሜትር ያህል ርቄ ቆሜ፣ ተራ በተራ እየገፉ ወደ እኔ እንዲመጡ አደርግ ነበር። ውኃው በመካከል 1 ሜትር ከ50 ይደርሳል፤ የልጁ ቁመት 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ነው። አራተኛ ሆኖ ሲገፋ የዋና መነጽሩ ተንሸራቶ አፍንጫው ላይ ወረደ። ሰባት ሜትር ያህል ከመጣ በኋላ መነጽሩን ለማስተካከል ሁለት እጁን አንሥቶ ቆመ፤ ማለትም መሬት ያለ መስሎት ሊቆም ሞከረ። እኔ በዚያች ቅጽበት የሦስተኛዋን ልጅ ክርን እያስተካከልኩ ነበር።

ልጁን አላየሁትም ብል ውሸት ይሆናል። ቀና ብዬ አይቼዋለሁ። ጭንቅላቱን ወደኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ሰማይ ሲያይ፣ እጆቹን በጎንና በጎኑ ዘርግቶ ጠረጴዛ ተደግፎ ለመነሣት እንደሚሞክር ሰው ውኃውን ወደ ታች ሲጫን አይቼ፣ መነጽሩን አስተካክሎ የሚያርፍ መስሎኝ ወደ ልጅቷ ክርን ተመለስኩ። ያዳነው የገንዳው ነፍስ አዳን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ፊሽካቸውን የሰማሁትና ከነሸራ ጫማቸው ውኃ ውስጥ የገቡት በአንድ ጊዜ ነበር። እኔ ዞሬ ሳልደርስ ልጁን በብብቱ ይዘው አውጥተውት ነበር።

በኋላ በምን እንዳወቁ ስጠይቃቸው፣ «የሚጫወት ልጅ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። ይኼ የትም አልሄደም፤ እዚያው ሆኖ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ድምፅም የለውም» አሉኝ። ጋሼ በዕድሜ ያወቁትን ነገር፣ ኒውዮርክ ባሕር ዳርቻ ላይ ነፍስ አዳን የነበረው ፍራንክ ፒያ የተባለ አሜሪካዊ የሚሰጥሙ ሰዎችን በፊልም ቀርጾ ካጠና በኋላ በዝርዝር ጽፎታል፤ የሚሰጥም ሰው አየር ለመሳብ ብቻ ስለሚታገል መጮህ አይችልም፣ እጁን አውለብልቦ መጥራትም አይችልም፣ ካልደረሱለት ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። ይህን ሥልጠና ላይ ተምሬ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። የእኛ ሰው ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ለሽንገላ መስሎኝ እንጂ ለውኃም ለራሱ መሆኑን ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት።

ልጁ አስሎ ውኃ ተፋ፤ ቀጥሎ አለቀሰ። በሕይወቴ ልጅ ሲያለቅስ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ሳንባ የገባ ውኃ ከሰዓታት በኋላም የትንፋሽ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ እስከ ማታ ካቆየው በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሥራ አስኪያጁ በማግሥቱ ሪፖርት ጠየቀኝ። «የአደጋው ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «የመነጽር መንሸራተት» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም ደስ አለው፤ መነጽሩን ያመጣው ወላጅ ነውና። ሪፖርቱን ለማያያዝ የልጁን የደረጃ ቅጽ ስፈልግ ግን፣ «በጀርባ መንሳፈፍ፣ 10 ሰከንድ» የሚለው አጠገብ የራሴን ራይትና የራሴን ፊርማ አገኘሁ። መነጽር የወረደበት ልጅ በጀርባው ቢገለበጥ ኖሮ ቀኑ የሚታለፈው አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ክሎሪን በመግባቱ ነበር። ሪፖርቱን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው አልወደደውም፤ ፋይል ውስጥ መግባቱን ግን አልከለከለም።

አባቱ ልጁ ሁለተኛ ውኃ እንዳይነካ ብለው ነበር። እናቱ ናት «ፈርቶ ከቀረ ዕድሜ ልኩን ይፈራል» ብላ በአምስተኛው ቀን ይዛው የመጣችው። ከቡድኑ ለይቼ ወገብ በማይደርስ ውኃ ውስጥ አጠገቡ ተንበረከክሁና፣ ያን ዕለት ለምን በጀርባው እንዳልተገለበጠ ጠየቅሁት። «ተምረሃል እኮ፤ ስትንሳፈፍ አይቼሃለሁ» አልኩት። ልጁ ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ ጫማው የት እንዳለ የሚነግረኝ ያህል፣

«ኮች፣ ጣትህ የለማ» አለኝ።

ይህን መልስ ይዤ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ። ክብደት ያልተሸከሙት ጣቶች ለልጁ የመንሳፈፉ ሙሉ ምክንያት ነበሩ፤ እሱ የተማረው እኔ አጠገቡ ስኖር መንሳፈፍን ነው። በነጋታው ቀሪዎቹን 7 ልጆች እንደገና ፈተንኩ፤ እጆቼን ወደኋላዬ አጣምሬ አንድ እርምጃ ርቄ ቆምኩ። ሦስቱ ወደቁ። ሦስቱም ራይት የተደረገላቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ለወጥን፤ በአንድ ቀን ግን አልነበረም፤ ያለ ጭቅጭቅም አልነበረም። በመጀመሪያ ያስተማረ አሰልጣኝ የራሱን ልጆች እንዳይፈትን አደረግን፤ ምክንያቱም አስተማሪ ልጁ እንዲያልፍ ከልቡ ስለሚመኝ እጁ ሳያውቀው ይዘረጋል። ቀጥሎ በሳምንት አንድ ቀን መነጽር የሌለበት ትምህርት ጀመርን። ልጆቹ ጠሉት፤ ዓይናቸው ይቀላል፣ ያጉረመርማሉ። ነገር ግን ፊቱ ላይ ውኃ ሲደርስ እጁን ወደ ዓይኑ የሚልክ ልጅ እጁን ለመዋኘት ሊጠቀምበት እንደማይችል ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሦስተኛው ለውጥ ፊሽካው ነው፤ ልጆቹ በሆዳቸው እየዋኙ ሳለ በድንገት ሲነፋ ሁሉም በጀርባቸው ይገለበጣሉ፣ 10 ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ወደ ቅርቡ ጠርዝ ሄደው መሰላል ሳይነኩ ይወጣሉ። ጨዋታ ስለመሰላቸው ይህን ወደዱት።

አስቸጋሪው ወላጅ ነበር። የመንሳፈፊያው ጊዜ ከ10 ወደ 30 ሰከንድ ከፍ ሲል ግማሹ ቡድን ሁለተኛው ደረጃ ላይ አንድ ሳምንት ተኩል ቆየ፤ አንድ አባትም «የጎረቤታችን ልጅ ሌላ ቦታ በሦስት ሳምንት ሦስተኛ ደረጃ ገብቷል» ብለው ገንዘባቸውን ጠየቁ፤ ተመለሰላቸው። ለቀሩት ስብሰባ ጠርተን የነገርናቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በባንግላዴሽ ገጠር፣ በኩሬ ውስጥ በቀርከሃ በተሠራ መድረክ ላይ ሕፃናትን የሚያስተምረው ፕሮግራም ልጅን ብቁ የሚለው 25 ሜትር ሲዋኝና ለ30 ሰከንድ ሲንሳፈፍ መሆኑን ነው፤ ያ ሁሉ የሚደረገው ያለ ሆቴል፣ ያለ ሰማያዊ ሰድር ነው። ሁለተኛው የራሳችን ነው፤ በከተማዋ ዳር ዳር ድንጋይ ወጥቶባቸው ሳይደፈኑ የቀሩ ጉድጓዶች በየክረምቱ በዝናብ ይሞላሉ፣ ልጆች ይገቡባቸዋል፣ የእሳትና አደጋ ሠራተኞችም አስከሬን ሲያወጡ በየዓመቱ በዜና እንሰማለን። ሦስተኛ ደረጃ ገብቷል የተባለ ልጅ እችላለሁ ብሎ እንዲህ ያለ ውኃ ዳር ቢደርስ፣ ምንም ካልተማረው ልጅ ይልቅ ለመግባት ይደፍራል። ይህን ስናገር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ የደረጃ ጥያቄም ያን ቀን አልተነሣም። በሚቀጥለው ክረምት ተነሥቷል።

ወደ ልጁ ልመለስ። በጀርባው መተኛትን ከዜሮ ጀመርን። በመጀመሪያ የገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ብቻ መንከር፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ አድርጎ መተኛት፣ ቀጥሎም ተንሳፋፊውን ሰሌዳ ደረቱ ላይ አቅፎ፤ «እምብርትህን ለሰማይ አሳየው» እያልኩ። ትንፋሹን ስቦ ሲይዝ ደረቱ ብቅ ሲል፣ ሲያስወጣ ጥቂት ዝቅ ሲል ራሱ ማየት ጀመረ፤ በዚህም ሳቀ። ችግሩ ጆሮው ውኃ ውስጥ ሲሆን የእኔን ቆጠራ አለመስማቱ ነበር፤ ካልሰማኝ ደግሞ ሄጃለሁ ብሎ ያስባል፣ ጭንቅላቱን ያነሣል፣ ይሰምጣል። ስለዚህ በ11ኛው ቀን፣ ዝናቡ ገና ባባራበት ጠዋት፣ ሁለት እጆቼን ከፊቱ በላይ ወደሚያይበት ቦታ አነሣኋቸውና ጨበጥኳቸው። ሁለቱንም ያያቸዋል፤ ከሥሩ ማንም እንደሌለ ያውቃል። አንድ ጣት ዘረጋሁ። ሁለት። ሦስት። ዓይኖቹ ጣቶቼን ይከተላሉ፣ እጆቹ ከጎኑ ቀስ ብለው ይከፈታሉ። አሥሩም ጣቶቼ ተዘርግተው አለቁ፤ ልጁ ግን ሊነሣ አልፈለገም። እጆቼን መልሼ ጨብጬ ከአንድ ጀመርኩ።