ለማየት ብቻ

ቪዛው ወጣ። መጀመሪያ የደወልኩት ድሬዳዋ፣ ለእማዬ ነው።

"ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ።

"ላይ።"

"ማንን?"

"ማንንም። አገሩን፣ ባቡሩን።"

ዝም አለች። ቀጥላ፣ "ለማየት ብቻ ነው ይሄ ሁሉ ብር?"

አዎ፣ ለማየት ብቻ። ለእማዬ ብቻ አይደለም ይሄ ግራ የገባው። እኛ ጋ ሰው አውሮፓ ሄደ ከተባለ ወይ ለስብሰባ ነው፣ ወይ ለትምህርት፣ ወይ ለህክምና፣ ወይ ደግሞ ለመቅረት። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ጥግ ይዞኝ "ሞኝ አትሁኚ፣ እንዳትመለሺ" አለኝ። ሌላዋ መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበሬን እያየች "እሱ ለኔ ነው" ብላ ሳቀች። ቀልድ ነው ትበል እንጂ ዓይኗ መለካት ጀምሯል። እኔ ግን እመለሳለሁ። ከሃምሳ ያለፍኩ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ መዝገቡ የሚጠብቀው እኔን ነው።

ከዚህ በፊት አንዴ ተከልክያለሁ። የየትኛው አገር ኤምባሲ እንደነበር ይቅር። ከተደረደሩት ምክንያቶች አንዱ ላይ ምልክት አድርገው መለሱልኝ። ቪዛው ሳያልቅ አገሩን ለቅቄ ስለመውጣቴ ተጠራጥረው ነው። ሳስበው ቆንስላውም ባልደረባዬም የሚያስቡት አንድ ነገር ነው። ልዩነቱ ቆንስላው ለጥርጣሬው ያስከፍላል። አሁን የሸንገን፣ ማለትም የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ማመልከቻ 90 ዩሮ ገብቷል፣ ቢከለክሉም አይመለስም።

ዘንድሮ ግን ተዘጋጅቼ ነበር የቀረብኩት። የባንክ ስቴትመንት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የቤቴ ካርታ፣ እስከ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት የማድርበት ቦታ። ገንዘቡን በብር ነበር የማጠራቅመው። የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከመቶ በላይ ሆነ። ደብተሬ ላይ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ጉዞዬ ግማሹን ተበላ። ያዳነኝ እቁብ ነው።

አሁን ወደ ባቡሩ።

አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ያደግነውም ከዚራ፣ ዛፎቹ መንገዱን ያለበሱበት ሰፈር ነው። አባዬ ብሎን ሲቆጥር በፈረንሳይኛ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀልድ በኦሮምኛ፣ እኛን ሲቆጣ በአማርኛ ነበር። ከአገር ወጣ ቢባል የወጣው እስከ ጂቡቲ ነው። አውሮፓን የሚያውቃት በመለዋወጫ ሳጥን ነበር። ሳጥን በመጣ ቁጥር ላዩ ላይ የተጻፈውን የከተማ ስም አንብቦ ይይዝና ማታ ይነግረናል። ቤልፎር። ዊንተርቱር። ሚላኖ። ሌላ ልጅ ስለ ፓሪስ ሲያልም እኔ ስለ ቤልፎር አልም ነበር። ቤልፎር ውስጥ ምን እንዳለ ብትጠይቁኝ የአልስቶም ፋብሪካ ነው የምላችሁ። ሌላ ነገር አላውቅባትም፣ ማወቅም አልፈለግኩም።

እናም መስመሬን ያወጣሁት በአባዬ ሳጥኖች ነው። ፓሪስ በአውሮፕላን እገባለሁ፣ ከሮማ እመለሳለሁ፣ በመሃል ያለው ሁሉ በባቡር ነው። ፓሪስን ብዙ አልቆይባትም። ኤፍልን ከታች ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ መውጫው ሰልፍ ይቅርብኝ። ግንቦት ውስጥ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእነሱ ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ካለፈ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ቀኑ አያጥረኝም። ከዚያ ወደ "ጋር ደ ሊዮን" እሄዳለሁ። የሰዓት ማማ ያለው ትልቁ የባቡር ጣቢያ ነው፣ ወደ ዙሪክ የሚሄደው ባቡር የሚነሳው ከዚያ ነው። አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ የሚያልፈውም በቤልፎር በኩል ነው። እዚያ ይቁም አይቁም ግድ የለኝም፣ ብቻ በዚያች ሰዓት እንዳልተኛ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትኬቶቹ ላይ ያለውን ሰዓት ሁሉ በእስክርቢቶ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሬ ጽፌያለሁ። 14:20 የሚለው ላይ 8:20። ልጆቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ባቡር እንዲህ ብላ ሰዓት የምታሰላ ሴት አይጠብቅም።

ዙሪክ የምወርደው ለሙሴ ኢልግ ስል ነው። አልፍሬድ ኢልግ፣ የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዛዊ መሐንዲስ። ባቡሩን ለመዘርጋት ምኒልክ በፈረንጆቹ 1894 ፈቃድ የሰጡት ለእሱ ነው። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከባድና ውድ ስለነበር ከታች በሜዳው አለፈ፣ ከተማችን ድሬዳዋ የተወለደችውም በዚሁ ሰበብ ነው። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1902 ነው፣ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917። ኢልግ ዙሪክ ውስጥ የሞተው በ1916 ነው። ባቡሩን በአንድ ዓመት ቀደመው። አባዬ ይህን ታሪክ ሲያወራ "ምን ነበረበት ትንሽ ቢታገስ" ይል ነበር፣ ሰውዬው የሞተው ቸኩሎ ይመስል።

የተወለደባት ፍራውንፌልድ ከዙሪክ በባቡር ከአንድ ሰዓት በታች ናት፣ በመንገድ ላይ ዊንተርቱር አለች። ፍራውንፌልድ ለሽርሽር የሚሄድ ሐበሻ ሰምቼ አላውቅም። የጉዞ ወኪሏ ልጅ "እትዬ፣ እዚያ እኮ የሚታይ ነገር የለም፣ ሉሰርን ይሻልዎታል" አለችኝ። ትሁን፣ ሉሰርንን ሌሎች ይዩልኝ። እኔ ጣቢያው አጠገብ ቡና ጠጥቼ፣ ጎዳናውን ዞር ዞር ብዬ እመለሳለሁ።

ከዙሪክ ወደ ጣሊያን ለመሻገር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በፈረንጆቹ 2016 የተከፈተው አዲሱ የጎታርድ ዋሻ ነው። 57 ኪሎ ሜትር፣ ከዓለም ረጅሙ የባቡር ዋሻ። ሁሉም በዚያ ሂጂ ይለኛል፣ ፈጣን ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት ተራራ ሥር ገብቼ ጨለማ ለማየት ነው? የምሄደው በአሮጌው መስመር ነው። እሱ በ1882 የተከፈተ ነው፣ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ዋሻው ከላይ ነው፣ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ። ቫሰን የምትባል መንደር ጋ ሲደርስ ሐዲዱ በዋሻ ውስጥ እየዞረ ከፍታ ስለሚጨምር፣ የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ትታያለች። መጀመሪያ ከበላይህ፣ ቀጥሎ ትይዩ፣ መጨረሻ ከታችህ። ይህን ያነበብኩ ቀን ወረቀት ላይ ለመሳል ሞከርኩ፣ የወጣልኝ የተፈታ ሹራብ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይዘገያል ይላሉ። ይዘግይ።

ከሚላኖ ወደ ሮማ ፍሬቻሮሳ በሚሉት ፈጣን ባቡር ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ። የድሬን ባቡር የሚያስታውስ ሰው ይህን ፍጥነት ሲሰማ ይስቃል። በእኛ ባቡር ሰው ከፉርጎ ወርዶ ሐብሐብ ገዝቶ ይሳፈር ነበር።

ሮማ አብሮ አደጌ አለች። አንዲት አሮጊት ቤት ተቀጥራ ትንከባከባለች፣ ነፃ የምትሆነው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። ስለዚህ የሮማን ቀኖች ያወጣሁት በእሷ እረፍት ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ አዝዛኛለች። በርበሬና ሽሮውን እይዛለሁ። ቅቤ ግን አይሆንም፣ የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው። አኩርፋለች።

የምንገናኘው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ የተሰየመው በፈረንጆቹ 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ነው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም እዚያው አቅራቢያ ነው። በወረራው ዘመን የይሁዳ አንበሳን ከለገሃር ነቅለው ወስደው ያቆሙት ከዚሁ ሐውልት ጋር ነበር። አንበሳው ተመልሶ ይኸው ለገሃር አለ፣ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። አሁን ደግሞ ተወስዶ የቆመበትን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ። አብሮ አደጌ በዚያ ለዓመታት እየተመላለሰች አንድም ቀን ዞር ብላ አላየችውም። "ባስ ነው የምይዝበት" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እሷ የሄደችው ለሥራ ነው።

እሁድ ለአበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰበትን መንገድ፣ ከአፒያ ጎዳና ትንሹን፣ እንራመዳለን። ከዚያ የአክሱም ሐውልት የነበረበት ፖርታ ካፔና። አበበ በሐውልቱ አጠገብ አልፎ ነው ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት የገባው። ሐውልቱ በፈረንጆቹ 2005 በአውሮፕላን አገሩ ገብቷል፣ እዚያ የለም። የሌለ ሐውልት ለማየት መሄድ ለእማዬ እንዴት እንደሚነገር እንጃ። አልነገርኳትም።

አሁን የቀረኝ ጫማ ነው። የአፒያ ድንጋይ ያልተስተካከለ ነው፣ ለጉልበቴ ለስላሳ ሶል ያስፈልገኛል፣ መርካቶ ሁለት ቅዳሜ ዞሬ አላገኘሁም። ልጄ ደግሞ "እማ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ፎቶ ትነሺያለሽ፣ ቲክቶክ ላይ እለቀዋለሁ" ትላለች። አልነሳም። የአበበ እግር ሌላ፣ የእኔ እግር ሌላ።