ቻርጀር ለማስተከል የሚሰጠው ድጋፍ እና ተከራይ ሾፌሮች

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በተለይም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ኑሯቸውን በታክሲ፣ በኡበርና በሊፍት የሚመሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ሥራዬ የታክስ ሰነድ ማዘጋጀት ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ወይም ለመግዛት የሚያስቡ ሾፌሮች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ፤ መንግሥት የቻርጀር ማስተከያ ወጪ ይመልሳል የሚባለው እውነት ነው ወይ? እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሕጉን በጥሞና ያነበበ ሰው፣ ድጋፉ በብዛት የሚደርሰው ጋራዥ ያለው የግል ቤትና በቂ የገቢ ግብር ላለበት ሰው እንደሆነ፣ በቀን ረጅም መንገድ ነድቶ ማታ አፓርታማ ለሚገባው ተከራይ ግን እምብዛም እንደማይደርስ ይገነዘባል። ይህ መስተካከል የሚገባው ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

የፌዴራሉ የቻርጀር የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከሚፈለግብን የገቢ ግብር ላይ የሚቀነስልን ድጋፍ፣ የተጀመረው በ2005 በወጣው የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ ነው። በ2021 መጨረሻ ጊዜው ካለፈ በኋላ፣ በኦገስት 2022 የጸደቀው ኢንፍሌሽን ሪዳክሽን አክት የተባለው ሕግ መልሶ አቋቁሞት እስከ 2032 እንዲዘልቅ አድርጎ ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የታክስ ሕግ ግን ዕድሜውን አሳጥሮ፣ ከጁን 30 ቀን 2026 በኋላ ሥራ ላይ ለሚውል ቻርጀር እንዳይሰጥ ወስኗል። በመኖሪያ ቤት ለሚተከል ቻርጀር ክሬዲቱ የዕቃውና የተከላው ወጪ 30 በመቶ ሲሆን፣ ጣሪያው 1,000 ዶላር ነው። ለምሳሌ ጠቅላላ ወጪው 2,000 ዶላር ከሆነ፣ የሚገኘው 600 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። የሚጠየቀውም በፎርም 8911 ነው።

የመጀመሪያው መስፈርት አድራሻ ነው። ከ2023 ጀምሮ ቻርጀሩ የሚተከልበት ቦታ ዝቅተኛ ገቢ ባለው ወይም ከተማ ተብሎ ባልተመደበ የሕዝብ ቆጠራ ቀጠና ውስጥ መሆን አለበት። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ቤቶች አንዱ ሲያገኝ ሌላው ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ማንም ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት፣ አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ባዘጋጀው ካርታ ላይ አድራሻውን አስገብቶ ማየት ይኖርበታል።

ሁለተኛው መስፈርት ብዙዎችን ያሳዝናል። ለግል ጥቅም በተተከለ ቻርጀር ላይ የሚገኘው ክሬዲት የሚፈለግብንን የገቢ ግብር ይቀንሳል እንጂ ከዚያ የተረፈው በጥሬ ገንዘብ አይመለስም፤ ለሚቀጥለው ዓመትም አይሻገርም። በዚያ ላይ የልጆች የታክስ ክሬዲት ቀድሞ ይቀነሳል። ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ሦስት ልጆች ያሏቸውና የታክስ ሰነዳቸውን አብረው የሚያስገቡ ባልና ሚስት በ2025 የ70,000 ዶላር የደመወዝ ገቢ ነበራቸው እንበል። መደበኛው ቅናሽ (ግብር ሳይታሰብበት ከገቢ ላይ የሚነሣው) 31,500 ዶላር ስለሆነ ግብር የሚታሰበው በ38,500 ዶላር ላይ ሲሆን፣ ግብሩም 4,100 ዶላር ገደማ ይመጣል። የሦስቱ ልጆች ክሬዲት ግን በነፍስ ወከፍ 2,200፣ በድምሩ 6,600 ዶላር ነው። ግብሩ ገና በልጆቹ ክሬዲት ዜሮ ስለገባ፣ የቻርጀሩ ክሬዲት የሚቀነስበት ነገር አያገኝም። ሠርቶ የሚያድር፣ ልጆች የሚያሳድግ ቤተሰብ ምንም ሳያገኝ፣ ገቢው የእጥፍ እጥፍ የሆነ ጎረቤቱ ሙሉውን ይወስዳል። በአንጻሩ የሜሪላንድ ኢነርጂ አስተዳደር ለቤት ቻርጀር እስከ 700 ዶላር ሲሰጥ የቆየው ድጋፍ ወጪውን ያወጣው ሰው አመልክቶ የሚቀበለው ተመላሽ ገንዘብ ስለሆነ፣ በእኔ ሚዛን ይበልጥ ፍትሐዊ ነው። ችግሩ በየዓመቱ የተመደበለት በጀት ሲያልቅ መዘጋቱ ነው።

እዚህ ላይ ሾፌሮች ልብ ሊሉት የሚገባ ነጥብ አለ። ቻርጀሩን ለሥራም ለግልም የሚጠቀም ሰው ወጪውን በአጠቃቀሙ መጠን ለሥራና ለግል ይከፋፍለዋል፤ ለሥራ የዋለው ድርሻ እንደ ንግድ ክሬዲት ስለሚቆጠር፣ በዚያ ዓመት ግብር ባይኖር እንኳ ወደ ሌላ ዓመት ሊሻገር ይችላል። ሆኖም የራስ ሥራ ታክስ የሚባለውን፣ ማለትም ለራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለውን፣ አይቀንስም።

ሦስተኛው መሰናክል በሕጉ ላይ አልተጻፈም። ሕጉ ተከራይን በስም አላገለለም፤ ቻርጀሩ የተተከለው በዋና መኖሪያው ከሆነና ወጪውን ራሱ ካወጣ ተከራይም ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን ግድግዳውም ሆነ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ የአከራዩ ነው፤ አከራዩ ደግሞ እሺ የማለት ግዴታ የለበትም። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ የጋራ ቤት ማኅበራት የባለቤቱን የቻርጀር ጥያቄ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክሉ ያደርጋል፤ ቨርጂኒያም በ2020 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። ሁለቱም የሚጠቅሙት የገዛውን እንጂ የተከራየውን አይደለም። ተከራዩ ከተራው የ120 ቮልት ሶኬት ጋር መኪናውን ለማገናኘት ቢፈቀድለት እንኳ፣ በሰዓት የሚያገኘው ከ3 እስከ 5 ማይል ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊቱን በሙሉ ቢሞላ 50 ማይል ቢያገኝ ነው። ይህ ቢሮ ገብቶ ለሚወጣ ሰው ይበቃዋል፤ በቀን 150 ማይል ለሚነዳ ሾፌር ግን አይሆንም። ስለዚህ ወደ ሕዝብ ፈጣን ቻርጀር ይሄዳል፤ እዚያም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ብዙ ጊዜ ከቤት ዋጋ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ይከፍላል፤ ተራ ሲጠብቅ የሚያጠፋው የሥራ ሰዓትም ሌላ ኪሳራ ነው።

ብሪታንያ ይህንኑ አይታ መንገዷን አስተካክላለች። ለግል ቤት ባለቤቶች ትሰጠው የነበረውን የቻርጀር ድጎማ በማርች 2022 መጨረሻ አቁማ፣ በምትኩ ለተከራዮችና ለአፓርታማ ባለቤቶች ወጪያቸውን እስከ 75 በመቶ፣ ቢበዛ 350 ፓውንድ መደገፍ ጀመረች። ለመሥሪያ ቤቶችም በተመሳሳይ መጠን እስከ 40 ሶኬት ድረስ ድጎማ ሰጠች። የራሱ ቤትና የመኪና ማቆሚያ ያለው ሰው ያለ ድጎማም ቻርጀር እንደሚያስተክል፣ ተከራዩ ግን ያለ እርዳታ እንደማይችል የተረዳ ውሳኔ ነው።

በአሜሪካው ሕግ ውስጥ ለማኅበረሰባችን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ክፍል ስለ ንግድና ስለ መሥሪያ ቤት የሚናገረው ሲሆን፣ የሚያሳዝነው ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ለእነዚህ ጣሪያው ለእያንዳንዱ መሙያ 100,000 ዶላር ነው። ከዚህም በላይ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ሌሎች ግብር የማይከፍሉ ድርጅቶች የክሬዲቱን መጠን ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት (ከአይ.አር.ኤስ.) በቀጥታ ገንዘብ የመቀበል መብት አላቸው። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ከእሑድና ከበዓላት ውጭ ባዶ የሚውል ሰፊ ፓርኪንግ አላቸው፤ ምእመናኑ ውስጥ ደግሞ ማታ መኪናቸውን የሚሞሉበት ያጡ ሾፌሮች አሉ። አድራሻው በተፈቀደ ቀጠና ውስጥ ለሆነ ደብር ይህ ዕድል ሊያልፈው አይገባም ነበር።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ማወቅ የሚገባቸው ግን የክሬዲቱ መነሻ 6 በመቶ ብቻ መሆኑን ነው። ወደ 30 በመቶ የሚያድገው ሥራ ተቋራጩ ለሠራተኞቹ የሠራተኛ ሚኒስቴር ለአካባቢው ያወጣውን የደመወዝ ልክ ሲከፍልና የተለማማጅ ሠራተኞችን ደንብ ሲያሟላ ነው። በ40,000 ዶላር ሥራ ላይ ልዩነቱ 2,400 ወይም 12,000 ዶላር ነውና፣ ይህ ግዴታ ውል ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ መግባት፣ የደመወዝ መዝገቡም መቀመጥ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ግብር የማይከፍሉ ድርጅቶች በየዓመቱ የሚያስገቡትን ሪፖርት፣ ፎርም 990ን፣ የማቅረብ ግዴታ ባይኖርባትም፣ ይህን ገንዘብ ለመቀበል ግን በአይ.አር.ኤስ. ድረ ገጽ ላይ አስቀድማ ተመዝግባ ቁጥር ማግኘትና ፎርም 990-ቲ ማስገባት ይኖርባታል። ቀነ ገደቡም የሚታየው ቻርጀሩ በተገዛበት ቀን ሳይሆን ተተክሎ አገልግሎት ለመስጠት ዝግጁ በሆነበት ቀን ስለሆነ፣ የካውንቲ ፈቃድና ምርመራ የሚወስደው ጊዜ ከጁን 30 ቀን 2026 ወደ ኋላ ተቆጥሮ መታሰብ አለበት።