ኳሷን የመለስኩ ቀን

ስልኬ የጮኸው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከደብረ ብርሃን። በዚህ ሰዓት ከአገር ቤት ሲደወል ምን እንደሚታሰብ ለስደተኛ አይነገርም። እናቴን፣ አባቴንና አጎቶቼን በየተራ ቀብሬ ስጨርስ ነው "ሃሎ" ያልኩት።

"እንዴት አደርክ ወንድሜ፤ ሶቶን ለምን ሸጣችሁት?"

የቤዝቦል ተጫዋቹን ሁዋን ሶቶን ነው። ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር መፈረሙን ዘግይቶ ፌስቡክ ላይ አይቷል። የቡድኔን የዋሽንግተን ናሽናልስን ቀይ ቆብ አድርጌ ከላክሁለት ፎቶ ጋር አገናኝቶት ደሙ ፈልቷል። እሱ የጊዮርጊስና የአርሰናል ደጋፊ ነው። ለእሱ ተጫዋች ከሄደ ተሸጧል፣ ከተሸጠ ገንዘብ አለ። ቀጥሎ "ስንት አተረፋችሁ?" አለኝ። ፓርኪንግ ቆሜ የምውለውን ሰውዬ የዋሽንግተን ናሽናልስ ባለ አክሲዮን አደረገኝ እኮ!

እንቅልፌ አንዴ ስለሄደ አስረዳሁት። አልሸጥነውም፣ ለወጥነው። እኛ ጋ ሳለ ክለቡ 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን ዶላር ቢለው እምቢ አለ። ኦገስት 2፣ 2022 ላይ ከጆሽ ቤል ጋር አንድ ላይ ጠቅልለው ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ሰጡትና ስድስት ተጫዋቾች ተቀበሉ፤ ሜትስ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው፤ የኛን ማስላት ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ።)

"ሶቶ ተስማማ?"

"ማን ጠየቀው?"

"የመጡትስ ልጆች?"

"እነሱንም የጠየቃቸው የለም።"

"እንዴ! ይሄማ የበግ ገበያ ነው" አለ። መልስ አልነበረኝም። በሊጉ 10 ዓመት የቆየ፣ ከዚያም ውስጥ የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ክለብ ያገለገለ ተጫዋች አልሄድም የማለት መብት አለው። ውሉ ላይ ያስጻፈም አለ። የቀረው ሁሉ ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ያነሣል። ጠዋት እዚህ፣ ማታ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ማልያ።

እንዲህ እንደ ሊቅ ስተነትን ያየኝ ሰው በ2019 ጸደይ ስታዲየም ውስጥ የሠራሁትን አያውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። አሁን ልናገረው።

ከመጣሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ትርፍ ቲኬት አለኝ ብሎ ይዞኝ ሄደ። በግሪን ላይን ባቡር ኔቪ ያርድ ወርደን፣ ከቀይ ለባሹ ጎርፍ ጋር ገባን። ጨዋታውን አልገባኝም ማለት ያንሳል። "ፋውል!" ሲሉ (ለካ ኳሷ ከመስመር ውጭ ወጣች ማለታቸው ነው) ማን ማንን እንደጠለፈ እፈልጋለሁ፤ ቅጣት ምቱን እጠብቃለሁ። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይስታል፣ ሁሉም ትንሽ ይቆምና ይተፋል። በአራተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር ነው) ጭንቅላታቸው በርሜል የሚያህል የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ወጥተው ሜዳው ዳር ተሯሯጡ። ቴዲ ሩዝቬልት የሚባለው እስከ ኦክቶበር 3፣ 2012 ድረስ ከ500 ጊዜ በላይ ተሸንፎ አንድም ቀን አላሸነፈም ነበር አሉኝ። መሪውን አሻንጉሊት አድርጎ ስድስት ዓመት ሲያሸንፉበት የሚስቅ ሕዝብ! እኛ አገር ልብሱን የሰፋው ሰውዬ የት እንደሚያድር አስቡት።

ከዚያ ኳሷ መጣች።

ከዱላው ጫፍ ተስፈንጥራ ከኋላችን ያለውን ኮንክሪት መታች፣ ነጠረች፣ በወንበር ሥር ተንከባልላ እግሬ ሥር ቆመች። አነሣኋት። እንደ ገና ጨዋታ ሩር ጠጣር ናት፤ ቀዩ ስፌት ጣት ላይ ይሻክራል፣ አንድ ቦታ ላይ ጭቃ ነክቷታል። ዙሪያዬ ሁሉ ጮኸ። "ያ!" "ዩ ጋት ኢት!"

እኔ ደግሞ ምን ሰማሁ? "ኳስ አቀብሉን!"

ሰፈር ያደገ ሰው ይረዳኛል። ኳስ አጥር ዘልላ ከገባች ትመለሳለች፣ ሕግ ነው። "እትዬ፣ ኳሷን!" እያልን በር ስንደበድብ ያደግን ነን። ኳሷን ያስቀረች ሴት በሰፈሩ ልጅ ሁሉ የተረገመች ናት፤ በቢላ የቀደደችውማ እስከ ዛሬ ስሟ አይነሣም። እና ብድግ አልኩ፣ ክንዴን ወደ ኋላ ሰበሰብኩና ባለኝ አቅም ወደ ሜዳው ወረወርኳት። ቆንጆ ውርወራ ነበር፣ አልዋሽም። አንደኛ ቤዝ ላይ የቆመው ሰውዬ አጠገብ አረፈች። እጄን አንሥቼ ምስጋና ጠበቅሁ።

መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥሎ ያ ሁሉ ሰው "ቡ!" አለብኝ።

አንድ አዛውንት አስተናጋጅ መጡና በትሕትና፣ በጣም በትሕትና፣ "ጌታዬ፣ ወደ ሜዳ ምንም ነገር አይወረወርም" አሉኝ። ትሕትናቸው ከጩኸቱ የበለጠ አቃጠለኝ። ከሁሉ የባሰው ግን ከፊቴ የተቀመጠው ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። ከቤቱ የቆዳ ጓንት ይዞ የመጣው ለዚያች ኳስ ነበር፤ ለካ እዚህ ኳሷ ያገኛት ተመልካች ናት። ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። "ለምን?" ብቻ አለኝ።

አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በኳስ ጉዞ ላይ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በእንግሊዝኛ አስተምሬበታለሁ። ለዚያ ልጅ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አጣሁ። "ሶሪ" አልኩ። አባትየው ትከሻውን ይዞ ወደ ሜዳው አዞረው። በሰባተኛው ኢኒንግ መሐል ሕዝቡ ብድግ ሲል ዲያቆን "ተንሥኡ" ያለ ይመስል አብሬ ተነሣሁና፣ መዝሙራቸውን ሲጀምሩ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። የኔ ልብ ይህን ሁሉ ዓመት የቆጠረው ሽንፈት ከቡድኑ ሽንፈት ሁሉ ይበልጣል።

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለው አገር ልጅ እንዲህ በጨዋታ ይዋረዳል ብሎ ማን አሰበ።

ታዲያ ለምን ደጋፊ ሆንክ በሉኝ። ከእልህ ነው። ደግሞም ቡድኑ በዚያው ሰሞን እንደኔ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች ያሸነፈው 19 ብቻ። ኮከቡ ብራይስ ሃርፐር 13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ወደ ፊላደልፊያ ሄዷል። ሰው ሁሉ ሬሳ አውጡ ብሏል። ማታ ማታ በፓርኪንጉ ጎጆ ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ጀመርኩ፤ እንግሊዝኛዬን ከክፍል ይልቅ ያሻሻለው ያ ሬዲዮ ነው። ሬሳው እየተነሣ፣ እየተነሣ፣ ኦክቶበር ላይ ከሂዩስተን አስትሮስ ጋር ለዋንጫ ደረሰ። ከሰባቱ ጨዋታ በሰባቱም ባለሜዳው ተሸንፎ እንግዳው አሸነፈ። እንግዳ! በባዕድ ሜዳ፣ በባዕድ ጩኸት ውስጥ። ለዚህ ደስታ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው ቪዛ ጠይቆ አያውቅም።

ኦክቶበር 30 ሌሊት፣ በሰባተኛው ኢኒንግ የኛው ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ በስተቀኝ ያለውን ቢጫ ምሰሶ ዳንግ! አደረገችው። ምሰሶው "ፋውል ፖል" ይባላል፣ የነካችው ኳስ ግን ፋውል አይደለችም፣ ሆምራን ናት፤ ከምት ሁሉ ትልቁ። (ስሙን ያወጣው ሰው ምን እንደጠጣ እንጃ።) 6 ለ 2 አለቀ። በጎጆዬ ውስጥ እልል አልኩ። መኪናውን ሊወስድ የቆመ አንድ ሰውዬ መስታወቱን አንኳኩቶ፣ በእጁ መዳፌን ጠፍጥፎኝ ሄደ። በዚህ አገር በሥራ ላይ እጄን የነካ የመጀመሪያው ደንበኛ ነው። ጉርሻም አልሰጠኝም።

ከዚያ በኋላማ ዋንጫውን ያመጡትን አንድ በአንድ በተኗቸው። ሬንዶን በዚያው ክረምት ወደ ኤንጀልስ ሄደ። የፍጻሜው ኮከብ ስትራስበርግ 7 ዓመት በ245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፣ ሰውነቱ እምቢ አለውና ስምንት ጨዋታ ብቻ ጀምሮ በ2024 ጡረታ ወጣ። ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን በ2021 ለዶጀርስ ሰጧቸው። ከዚያ ሶቶ። የሶቶን ማልያ በላብ ገንዘብ ገዝቼ ነበር፤ አሁን ቤት የምጠርገው እሱን ለብሼ ነው። በ2025 ቡድኑ 66 አሸንፎ 96 ተሸነፈ፤ በጁላይ አሠልጣኙንም ሥራ አስኪያጁንም በአንድ ቀን አባረሩ። እኛ ያንን ዓመት የያዝነው በጄምስ ዉድ ነው፤ በሶቶ ለውጥ የመጣ፣ ሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ያደገ ልጅ። አንድ ቀን ኤንጀልሶች ፈርተውት በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ፣ ኳሷን እንዳይመታ፣ ሆን ብለው በነጻ አሳለፉት፤ ከ2004ቱ ኮከብ መቺ ባሪ ቦንድስ ወዲህ ያልታየ ነገር ነው። እሱንስ መቼ ይለውጡት ይሆን እያልኩ ነው የማየው። ማልያውን ግን አልገዛም።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ወደ ልቡ ጉዳይ መጣ። "እኔ ብመጣ እንዴት ነው? እዚህ እኮ የመምሪያ ኃላፊ ነኝ።"

እንግዲህ ስማ አልኩት። ቡድኑ 26 ተጫዋች ያሰልፋል፣ በወረቀት ደግሞ 40 ይይዛል። ከ26ቱ የወጣ ወጣት ታችኛው ቡድን ወዳለበት ሮቸስተር ይላካል፤ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ወደ ካናዳ ጥግ፣ ብርድ። ጥፋት አጥፍቶ ላይሆን ይችላል፤ ቦታ ጠብቦ፣ ሌላ ሰው ከሕመም ድኖ። አንተም የመምሪያ ኃላፊነትህን ቦሌ ትተኸው ነው የምትሳፈረው። እዚህ በ40ው ወረቀት ላይ መግባትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የትምህርት ማስረጃህን አረጋግጠህ፣ መንጃ ፈቃድ ልምድህን ይዘህ ና፤ "እኔ እኮ እዚያ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን አትያዝ። እኔ ሁለት ዓመት ይዤው ዞሬያለሁ፤ የሰማኝ የለም። የምታውቀው ሕግ ሁሉም እዚህ ይሠራል ብለህም ኳስ አንሥተህ አትወርውር። (ይህን ለምን እንዳልኩት አልገባውም፤ አልነገርኩትምም።)

"እሺ፣ ግን አንተ ደህና ነህ አይደል?" አለኝ።

እኛ ፓርኪንጎች የራሳችን ቋንቋ አለን። ማናጀሩ ሰዓት ሲቀንስብን "ሮቸስተር ወረድኩ" እንባባላለን፤ ሲመልስልን "ተጠራሁ"። እሑድ ማታ ስኬጁል ወጥቶ ነበር፤ ከአምስት ቀኔ ሁለት ቀርቷል። እናቴ እንዳትሰማ ብዬ፣ በሳቅ አስመስዬ፣ "ደህና ነኝ፣ ያው ሮቸስተር ተልኬያለሁ" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

"ዝውውር ነው? እንኳን ደስ ያለህ! ቤት ይሰጡሃል?"