ከጆሮ ኋላ ያለ እብጠት

በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ጆሮ ታመው የሚመጡልኝ አብዛኞቹ ገና አፍ ያልፈቱ ናቸው። ጆሯቸውን ይጎትታሉ፣ ሌሊት ያለቅሳሉ፣ ጡት ይይዙና ወዲያው ይለቃሉ። ብዙዎቹ በቀላሉ ይድናሉ። የምጽፈው ግን ኢንፌክሽኑ ከመካከለኛው ጆሮ አልፎ ከኋላ ወዳለው አጥንት ስለሚሻገርባቸው ጥቂት ልጆች ነው፤ ሳይታዩ የሚያልፉት እነዚህ ናቸውና።

አንዲት እናት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የሆነው ልጇን አዝላ ከአያቱ ጋር መጣች። ጆሮው ከሳምንት በላይ ሲፈስ ቆይቶ ፈሳሹ ቆሟል። ቤት የነበረው መድኃኒት ትኩሳቱ ሲበርድ ተቋርጧል፤ ከዚያ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። አያቱ “ጆሮ ደግፍ ነው ሲስተር፣ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል” አሉኝ።

ልጁን እናቱ ጭን ላይ እንዳለ ከጀርባው ዞሬ ሁለቱን ጆሮዎች አነጻጸርኩ፤ ከፊት ሲታይ ልዩነቱ ያመልጣል። የግራው ወደ ፊትና ወደ ታች ተገፍቷል። በቀኝ በኩል ከጆሮው ኋላ የሚታየው እጥፋት በግራ ጠፍቷል፣ ቆዳውም ቀልቷል። ጣቴን ገና ሳሳርፍ ጮኸ፤ ቀኙን ስነካው ግን ምንም አላለም። የጆሮ ደግፍ እብጠት የሚወጣው ከጆሮ ፊትና ከሥር፣ መንጋጋው ላይ ነው። ይህኛው ከኋላ፣ አጥንቱ ላይ ነበር። “እማማ፣ እስኪ እጅዎን እዚህ ያሳርፉ” አልኳቸው። “ውይ፣ እንደ እሳት ይፋጃል!” አሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ለምን እንዳልኩ የጠየቀኝ የለም።

በሽታው ማስቶይዳይቲስ ይባላል። አጥንቱ ውስጡ እንደ ማር ሰፈፍ በጥቃቅን ክፍሎች የተሞላ ሲሆን ከመካከለኛው ጆሮ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአንጎል ሽፋንና ትልቅ የደም ሥር ነው፤ የፊት ነርቭም በአጠገቡ ያልፋል። ስለዚህ ፈሳሹ ቆሞ ልጁ ከባሰበት መግሉ መውጫ አጥቶ ሊሆን ይችላል እንጂ ዳነ አይባልም።

ያስመልሰው እንደሆነ፣ አንቀጥቅጦት ያውቅ እንደሆነ፣ ጡት መጥባት ይችል እንደሆነ ጠየቅኩ። አንገቱ አልተገተረም። ሲያለቅስ ፊቱን አተኩሬ አየሁ፤ ሁለቱም ዓይኖቹ እኩል ይጨፈናሉ፣ አፉም ወደ አንድ ወገን አልተጣመመም። መራመድ የጀመረ ልጅ ድንገት መንገዳገዱም መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጥቶ “ነገ ተመለሺ” ማለት ልጅ ያሳጣል። መዝኜው ሴፍትሪያክሶን የተባለውን የአንቲባዮቲክ መድኃኒት የመጀመሪያ መርፌ ሰጠሁት፣ ፓራሲታሞል ጨመርኩ፣ የደሙ ስኳር እንዳይወርድ እናቱ እንድታጠባው አደረግኩ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የመርፌውን መጠንና ሰዓት፣ ጆሮው ስንት ቀን እንደፈሰሰ፣ ከኋላ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ፤ ለሆስፒታሉም ደወልኩ። ሰዓቱ ካልተጻፈ ተረኛው ሐኪም ቀጣዩን መርፌ መቼ እንደሚሰጥ አያውቅም። ሆስፒታል መድኃኒቱ በደም ሥር ቀጠለ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ እብጠቱ ስላልቀነሰ መግሉ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ድኖ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮ ያመመው ልጅ ሁሉ ከጀርባው ሳይታይ ከክፍሌ አይወጣም። ፈሳሹ 14 ቀን ካልሞላው አሞክሳሲሊን ጠዋትና ማታ ለ5 ቀን ነው። “እህቴ፣ ትኩሳቱ ቢበርድም ጨርሺው” እላለሁ፣ መልሳ እንድትነግረኝም አደርጋለሁ። 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነው ግን ዋናው ሕክምና ጆሮውን ማድረቅና እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ የጆሮ ጠብታ ለ2 ሳምንት መስጠት ነው። ሽሮፕ ጠብቀው የመጡ እናቶች ቅር ይላቸዋል፤ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የግድ ነው።

ማድረቁን እዚያው አሳያለሁ። ያረጀ፣ በደንብ የታጠበ ነጠላ ጫፍ ፈትል ተደርጎ ይጠቀለላል፤ ጆሮው ውስጥ ይገባል፣ ሲርስ ይወጣል፣ በሌላ ይተካል፣ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ፣ በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ። ጠብታው ከዚያ በኋላ ነው፤ መግል ባለበት ጆሮ ውስጥ ጠብታ የትም አይደርስም። ክብሪት እንጨት፣ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ የጡት ወተት ጆሮ ውስጥ አይገባም።

የክትባት ካርዱንም አያለሁ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ፒሲቪ የተባለው የሳንባ ምች ክትባት የጆሮ ኢንፌክሽን ከሚያመጡት ዋና ጀርሞች አንዱን ይከላከላል። ቀጠሮ የምሰጠው ከ5 ቀን በኋላ ነው። ከጆሮ ኋላ እብጠት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ መፍዘዝ፣ ማንቀጥቀጥ ወይም የፊት መጣመም ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይዞ መምጣት ነው።